ልብ ሲደክም

አማርኛ ልብን ብዙ ሥራ አሠርቶታል። ስናስተውል «ልብ አልን» እንላለን፤ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርገን ስንተርክ «ልብ ወለድ» ብለን ስም እናወጣለን፤ ጨካኙን ልበ ደንዳና፣ ደፋሩን ልበ ሙሉ እንለዋለን። ይህን ሁሉ ለተሸከመ ሥጋ «ደከመ» የሚል ቃል ቢወጣለት አያስደንቅም። የሚያሳስተው ግን «የልብ ድካም» የሚለው ስም በብዙ ሰው አፍ ድንገት ለሚጥለውም በሽታ መዋሉ ነው። እኔ የምናገርለት ሌላኛው ነው፦ ልብ ሳይቆም፣ ደም የመግፋት ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት፣ ውሃ በሳንባና በእግር ሲጠራቀም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይመጣል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣም ሌላ ስም ይሰጠዋል።

በመንዝ ስሙ ብርድ ነው። ከጓሳ አጠገብ፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ብርድን ቢከስስ ማን ይፈርድበታል? አክስቴ ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ጊዜ መቀመጥ የጀመሩ ሰሞን ብርድ ነው ተባለ። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ባናቸውን አጣጥፈው ከጀርባቸው አድርገው፣ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ ማንጋት የያዙ ጊዜም ብርድ ነው ተባለ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲል ግን ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ሌላ ነገር መጠርጠር ጀመረ። ጠበል ሄዱ። ጠበልን አልነቅፍም፤ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ የመከሩት ምክር ለዚህም በሽታ የሚሠራ ይመስለኛል። ላበጠ እግር ግን በጣሳ በጣሳ የሚጠጣ ውሃ፣ የተባረከም ቢሆን፣ ውሃ ነው።

ደብረ ብርሃን የመረመራቸው ወጣት ሐኪም መጀመሪያ ብዙ መሣሪያ አላነሣም። «ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት?» ሲል ጠየቃቸው። አውራ ጣቱን ቅልጥማቸው ላይ ተጭኖ ሲያነሣ ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደ ተተወ አሻራ ቆየ። የአንገታቸውን ደም ሥር በጎን ተመለከተ፤ ላኔክ የተባለው ፈረንሳዊ በ1816 እ.ኤ.አ. ወረቀት ጠቅልሎ የጀመረውን ማዳመጫ ጀርባቸው ላይ አሳረፈ። ኢኮ የተባለው ምርመራ በኋላ መጥቶ ያረጋገጠው ይህ ሰው በእጁና በጆሮው ያወቀውን ነው።

«እማማ፣ በግ አለዎት?»

«ምነው ልጄ፣ የመንዝ ሰው አይደለሁ!»

«የበረቱ በር ቢጠብብ በጎቹ ምን ይሆናሉ?»

«ደጅ ላይ ይከማቻሉ፤ ይጋፋሉ።»

«ደሙም እንዲሁ ነው። የልብዎ አንዱ በር ጠቧል፤ ማለፍ ያልቻለው ደም ወደ ሳንባዎ ተመልሶ ይጋፋል።»

በሩን ያጠበበው የዛሬ ብርድ አልነበረም። በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ተዋሲያን ሰውነት ሲዋጋ፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በር ይወጋል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ይጠነክራል። በአገራችን የጉሮሮ ሕመም ሲበረታ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል ይቆረጥ ነበር፤ ዛሬም በየቦታው አልቀረም። የአክስቴም ተቆርጧል። ምላጩ እንጥሉን ወሰደ፤ ተዋሲያኑ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ የጥቃቅን ነገር ኑሮ ነው። ላሲክስ ውሃውን በሽንት ያወጣዋል፤ ስለዚህ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ቀን ጠዋት አይውጡትም። ከጣርማ በር በሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ባለው መንገድ ሾፌሩን «አቁምልኝ» እያሉ መለመን ለአንዲት ባልቴት ከሕመሙ ይብሳል። ጨው ቀንስ መባልም እንዲሁ ቀላል ትእዛዝ ይመስላል። ግን ማኅበር ላይ የቀረበ ወጥ «ጨው በዝቶበታል» ተብሎ ይመለሳል? በየቀኑ ተመዘኑ ተባሉ፤ በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ውሃ ነው፣ ቶሎ ይምጡ። ሚዛን ያለው ወፍጮ ቤት ነው። አክስቴ ገብስ በሚመዘንበት ሚዛን በየሁለት ቀኑ ይወጣሉ፤ ባለ ወፍጮው ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፍላቸዋል። እስካሁን ካየሁት የሕክምና ካርድ ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ግድግዳ ነው።

ቀዶ ጥገናው ነው የሚያጨቃጭቀን። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በጀመሩት ጥረት በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ከተከፈተ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ ልብ መክፈት ባሕር ማዶ ብቻ የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። የብረት በር የተተከለለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደም በበሩ ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው ይለካል። መለኪያው ደግሞ አክስቴ ቀዬ የለም። እኔ ይሠራ ባይ ነኝ። ልጆቻቸው ለሁለት ተከፍለዋል። እሳቸው ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ ሆኜ የምኖረው ዕድሜ የማነው?» መልስ አላገኘሁላቸውም፤ እስካሁንም አልወሰኑም።

የልጅ ልጃቸው አምና ጉሮሮዋን ታማ ጉልበቷ ሲያብጥ ግን ብርድ ያለ ሰው አልነበረም። ማንም እንጥል ሳያነሣ አክስቴ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። አሁን በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ለዓመታት ይቀጥላል። መርፌው ወፍራም ነው፣ ያማል። አክስቴ ቀኑን በሚካኤል ሊይዙት ፈልገው ነበር፤ ነርሷ ወሩ 30 ቀን፣ መርፌው 28 ቀን መሆኑን ብታስረዳቸው፣ «እንግዲያ ሚካኤል ሁለት ቀን ይቅደም» ብለው ተስማሙ። ልጅቷ እያነከሰች ወጥታ፣ ከጤና ጣቢያው በር ላይ አያቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ ዳገቱን አብረው ቀስ እያሉ ይወጡታል።