ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በሁለት ሳይክል

ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ሽሮ ሜዳ ይድረሱ። በዚያ ሰዓት የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ መንገዱ የሯጮችና የሚኒባሶች ነው። ሳይክልዎን ይዘው ዳገቱን ቀና ብለው ሲያዩ አንድ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ላይ እንጫናት?» ማለቱ አይቀርም። አይቀየሙት። ሁለት ኪሎ ሜትር ከወጡ በኋላ ልጁ የተናገረው ለቀልድ ሳይሆን ከልቡ አዝኖልዎት እንደነበር ይገባዎታል።

የአዲስ አበባ መሐል ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ነው፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀላሉን ማርሽ ያስገቡና እንደ ሽማግሌ ይውጡ። ሯጮቹ እያወሩ ያልፉዎታል። ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ምእመናን ወደ ጠበሉ ሲያቀኑ ያገኛሉ፤ አንዳንድ ቀን እነሱም ይቀድሙዎታል። እኔን ቀድመውኛል።

እንጦጦ ማርያም ሲደርሱ ይረፉ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እስከ ዛሬ አለ። ሹራብዎን ይልበሱ፤ ላብ በእንጦጦ ነፋስ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከዚህ ወዲያ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነው፤ መንገዱ የተስተካከለ ነውና ለቤተሰብ ይመቻል፣ ሳይክል የሚፈቀድበትን መስመር በር ላይ ይጠይቁ። ሌላው በባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ ከተማው የሚወርደው የእግር መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው።

የእግር መንገዱ ለሳይክል አልተሠራም፤ የሠራው እግር ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን እዚህ የሰፈረው ባሕር ዛፍ ሥሩን በመንገዱ አግድም ዘርግቷል። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን አራቁቶታል። ቅጠሉ ሲደርቅ እንደ ተበተነ ወረቀት ያንሸራትታል፣ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሳሙና። በመሐል ዛፉ ሲሳሳ ከተማዋ ቆርቆሮዋንና መስታወቷን አንጥፋ ድንገት ከፊትዎ ትዘረጋለች፤ ማየት ከፈለጉ ግን ይቁሙ፤ እየነዱ ማየት አይቻልም።

ይህን ቁልቁለት ስድስት ዓመት የወረድኩት ፈረንጆቹ ሃርድቴይል በሚሉት ሳይክል ነው። ሾክ ያለው ከፊት ብቻ ነው። የኋላው ጎማ ከቴላዮው ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ የሚመታው ድንጋይ ሁሉ ወሬውን በኮርቻው በኩል አድርጎ ወገብዎ ላይ ያደርሳል። ስለዚህ አይቀመጡም፤ ፔዳሉ ላይ ቆመው ጉልበትዎንና ክርንዎን አጠፍ አድርገው፣ ክብደትዎን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይወርዳሉ። ሾኩ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሃርድቴይል አለንጋ እንደ ያዘ የጥንት የኔታ ነው። የትኛውን ድንጋይ ማለፍ፣ የትኛውን መሸሽ እንዳለብዎ የሚያስተምርዎ እየገረፈ ነው፤ የተማሩትን ግን አይረሱትም።

እኔ ግን 46 ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ዓመት ከወረድኩ በኋላ ጫማዬን ለመፍታት ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት አቃተኝ። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «ሳይክሉን አይተዉ፤ መንቀጥቀጡን ይተዉ» አለኝ። እኔም የሰማሁት ልሰማ የምፈልገውን ነው፦ «ባለ ሁለት ሾክ ይግዙ»። ቤት ገብቼ ይህንኑ ሳወራ ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ለሳይክልህ ወገብ ልትገዛለት ነው?» አለችኝ። «የእኔንስ ወገብ መቼ ነው የምትገዛው?» ሁለት ዓመት ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ስንቆጥብ እንደ ቆየን ማስታወስ አላስፈለጋትም። ማሽኑ መጀመሪያ ተገዛ። ሳይክሉ ስምንት ወር ጠበቀ፤ እኔም በእነዚያ ስምንት ወራት ብዙ ተማርኩ።

አንደኛ የተማርኩት ሁሉም ባለ ሁለት ሾክ፣ ባለ ሁለት ሾክ እንዳልሆነ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ ከኮርቻው ሥር ወፍራም ቀይ ሞላ ያለው ሳይክል በርካሽ አገኘሁ። ሊከፍሉ እጅዎን ኪስ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ኮርቻውን በኃይል ወደ ታች ይጫኑና ይልቀቁት። እንደ አሮጌ አልጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ጥለውት ይሂዱ። እውነተኛ ሾክ ውስጥ ከሞላው ወይም ከታመቀው አየር ሌላ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የሚያልፍ ዘይት አለ፤ የድንጋዩን ምት ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያበርደው ዘይቱ ነው። ሞላ ብቻውን ምቱን ተቀብሎ መልሶ ይወረውርዎታል። ሾኩ በሞተ መኪና ኮረኮንች ላይ የተጓዘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። በዚያ ዋጋ ደህና ሃርድቴይል ይገዛል፤ ቁልቁለት ላይም ከዚያ ብረት ክምር በብዙ ይሻላል።

ወገብ ነው ሰበቡ እንጂ፣ ነገሩ ሲጀመር ማንም ሾክ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች አሮጌና ከባድ ሳይክሎችን ተራራ ላይ አውጥተው ቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። ፍሬኑ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበር፣ ታች ሲደርሱ ግራሱ ተቃጥሎ ያልቅና እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ቁልቁለቱ ሪፓክ የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። የፊት ሾክ በስፋት የታወቀው ሮክሾክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው በኋላ ነው። ስፖርቱ በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ፤ በ2016 ሪዮ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር ወርቁን ሲያገኝ የተቀመጠው ባለ ሁለት ሾክ ላይ ነበር። የእኛ የሳይክል ታሪክ ግን፣ ከገረመው ደንቦባ የ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ጀምሮ እስከ ፅጋቡ ግርማይ የ2016 ቱር ደ ፍራንስ ድረስ፣ የአስፋልት ታሪክ ነው። ተራራው ላይ የሚወጣው አሁን የእርስዎና የእኔ ቢጤ ነው።

የእኔ ሳይክል ያገለገለ ሆኖ ኮሎራዶ ከምትኖረው እህቴ መጣ። ስለ ቀረጡ አላወራም፤ የቤተሰብ መጽሔት ነው። የኋላው ጎማ 12 ሴንቲ ሜትር ይጫወታል፤ ለእንጦጦ ይበቃል፣ ከዚያ የበለጠ ሲሆን ዳገቱ ላይ ሸክም ነው። ከአሮጌው በሁለት ኪሎ ግድም ይከብዳል። እህቴ አብራ የላከችው ትንሽ ፓምፕ መጀመሪያ መጫወቻ መስሎኝ ነበር። አይጣሉት! የኋላ ሾክ በጎማ ፓምፕ አይሞላም፤ ጎሚስታ ዘንድም አይወሰድም። አየሩ ጥቂት፣ ግፊቱ ግን ብዙ ስለሆነ የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። የራስ ቁርዎን ይድፉ፣ ውኃዎን ይሸከሙ፣ ማለትም ተራራ ላይ የሚሆኑትን ያህል ይመዝኑ። ግድግዳ ተደግፈው ቀስ ብለው ይቀመጡ። ሾኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት ሰው እስከ ጫፍ ይግፋልዎት፤ ከዚያ ሳይዘሉ ይውረዱና ቀለበቷ ምን ያህል እንደ ሄደች ይለኩ። የሾኩ እርምጃ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ11 እስከ 13 ብትሄድ ደህና ነው፤ ሩቡን አለፍ ማለት ነው። ከበዛ አየር ይጨምሩ፣ ካነሰ ይቀንሱ። እኔን የለካችኝ የ14 ዓመቷ ልጄ ናት። «አባዬ፣ 16 ሄደ» አለችኝ፤ ቀጥላም ስለ ክብደቴ ያለችውን አልጽፈውም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ተከፋሁ። በረገጥኩ ቁጥር ሳይክሉ ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበቴን ይበላዋል። ለካ ሾኩን የምታጠነክር ትንሽ መዝጊያ አለች፤ አስፋልት ላይ ይዝጓት። ሥርና ድንጋይ ያለበት ዳገት ላይ ግን ይክፈቷት፤ ያኔ ሃርድቴይሉ እየዘለለ ባዶውን ይሽከረከርበት የነበረው ቦታ ላይ የኋላው ጎማ መሬቱን እንደ ጣት ይጨብጠዋል። ወርጄ እገፋበት የነበረውን አንድ አቀበት ተቀምጬ ወጣሁት።

ቁልቁለቱን እንዴት ልንገርዎት? ጸጥታ ነው። ሥሮቹ አሉ፣ ድንጋዮቹ አሉ፣ ወሬያቸው ግን አይደርስም። ዘጠኝ ደቂቃ ይወስድብኝ የነበረውን በስድስት ጨረስኩት፤ የፈጠንኩ ግን አልመሰለኝም። የተንኮሉ ጅምር ይኸው ነው። አሮጌው ሳይክል ፍጥነት ሲበዛ ጥርስዎን አንቀጥቅጦ «በቃ» ይልዎታል። አዲሱ ዝም ይላል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ኩርባ ስታጠፍ መንገዱን ሙሉ ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ቅጠሉ እግር ነበረው። እንጦጦ ላይ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያውቋቸዋል፤ ጭራሮው ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ ሠላሳ ኪሎ የሚያልፍ ሸክም አለ፣ አንገታቸው ቀና አይልም። ዘለው ገለል ማለት አይችሉም። የኋላ ፍሬን ብይዝ ቅጠሉ ያንሸራትተኛል፤ መሪውን ወደ ጥሻው ሰበርኩትና ቦይ ውስጥ ገባሁ።

«እማማ! ተጎዱ?» አልኩ ከቦዩ ሆኜ።

«እኔማ ቆሜያለሁ» አሉኝ ሸክማቸውን ሳያወርዱ። «የወደቅኸው አንተ ነህ።» ከዚያ ጎንበስ እንዳሉ ሳይክሉን አዩት። «ድሮ ስትመጣ ከሩቅ እንሰማህ ነበር፤ ቋ ቋ ቋ ትላለህ፣ እንጠጋልሃለን። አሁን ድምፅህን ምን በላው?»

ካቴናው ከቴላዮው ጋር እየተጋጨ የሚያሰማው ያ የሚያሳፍረኝ ድምፅ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥሩንባዬ ኖሯል። እኔ ስከፍል ወገቤን የማድን መስሎኝ ነበር፤ መንገዱን የሚጋሩኝ እናቶች ስለ እኔ የሚያውቁትን ብቸኛ ነገር እንደምሸጥ አላሰብኩም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት የልብስ ማጠቢያውን በር ዘጋችና ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ወይ ቃጭል እሰርበት፣ ወይ ሽጠው» አለች።

ቃጭል አሰርኩበት። መሪው ላይ ተንጠልጥላ በእያንዳንዱ ድንጋይ ትንጫረራለች፤ ሯጮቹ በሬ የመጣ መስሏቸው ዞር ይላሉ። ሰዓቴንም ለወጥኩ፤ ጭራሮው ተለቅሞ መውረድ ሳይጀምር ማለዳ እወርዳለሁ፣ ካረፈድኩ በአስፋልቱ። ኩርባ ላይም ሾኩ ምንም ቢችል ፍጥነቴን የማየው ርቀት ይወስነዋል።

እርስዎስ ይግዙ? የሚነዱት ከገርጂ ቦሌ ከሆነ አይግዙ፤ ክብደትና ወጪ ብቻ ነው። ፓርኩ ውስጥ ባለው የተስተካከለ መንገድም ሃርድቴይል ይበቃል። መጀመሪያ ወፈር ያለ ጎማ ያስገቡና አየሩን ትንሽ ይቀንሱ፤ በጣም ርካሹ ሾክ እሱ ነው፣ ግማሹ ሰው ከዚያ ወዲያ ሌላ አይፈልግም። ለጀማሪና ለልጅ ደግሞ የኔታውን ሳያሳልፉ ምቾቱን አይስጡ እላለሁ። ወገብዎ ካስቸገረዎትና የእግር መንገዱን ከወደዱት ግን ይግዙ፤ ከሳይክሉ ጋር የሾኩን የጎማ ማኅተሞች አብረው ያስመጡ። በየ50 ሰዓት ንጂያ ግድም ሾኩ ተከፍቶ መጽዳት፣ መቀባት አለበት፤ ማኅተሙ ደግሞ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ከክረምት ጭቃ በኋላ ላቫጆ አይውሰዱት፤ የውኃው ግፊት መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን ኩሽኔታዎች ግራስ ጠርጎ ያወጣል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል። ብቻዎንም አይውረዱ።

እኔ ብቻዬን አልወርድም። አሮጌው ሃርድቴይል ለልጄ ደርሷታል፤ ኮርቻው ዝቅ ብሎላት ከፊቴ ትወርዳለች፣ ቋ ቋ እያለ። ድንጋዩን እየመረጠች ነው የምትሄደው፤ እኔ በላዩ ላይ የማልፈውን እሷ ታልፈዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሱቆቹ ተከፍተው ቀሚሶቹ ደጅ ተሰቅለው ነበር። ሻይና ፓስቲ አዘዝን። የራስ ቁሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳይክሌን ስታየው ቆየች።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምንቀያየረው?»

ፓስቲው አፌ ውስጥ ስለነበር አልመለስኩላትም።