ከደንገጎ እስከ ለገሃር

አራት ነን፤ በአንድ ሰፈር በአንድ ኳስ ያደግን። እኔ ከአዲስ አበባ በባቡር፣ አንዱ ከጅቡቲ፣ አንዱ ከጀርመን መጥተናል። አራተኛው ድሬዳዋን ለቆ አያውቅም፣ ባጃጅ ይነዳል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሰዉ ወደዚህ ስለሚጎርፍ እኛም ወሩን መገናኛ አድርገነዋል። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ የቁልቢን ቀጠሮ ግን አንዳቸውም አጉድለውት አያውቁም። ዘንድሮ ተቀምጠን ከማውጋት አልፈን ከደንገጎ አናት እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ዱላ እየተቀባበልን ለመሮጥ ተስማማን። ከሩጫው አንድ ቀን ቀድመን ቅብብሉ የት የት እንደሚሆን ለመምረጥ መንገዱን እያየን ወረድን።

ደንገጎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ናት። ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ታች ሸሚዝ ይከብዳል። ቁልቁለቱን ከባድ መኪኖች በማርሽ ተይዘው፣ ፍሬናቸው እየሸተተ ይወርዱታል። ለሯጭም እንደዚያው ነው፤ ትንፋሽ አያሳጥርም፣ ጉልበት ግን ይበላል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ለሦስት ከፈልነው። ለአንድ ሰው መተው ግፍ ይሆናል።

ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ሩጫ ኤኪደን ይሉታል። ስሙን ያገኘው ጥንት መልእክተኞች ፈረስ ይቀይሩባቸው ከነበሩ ጣቢያዎች ነው። የመጀመሪያው ኤኪደን ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸፍኖ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ዘመኑ በእኛ 1909 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። ይህን ሳውቅ ለድሬ ልጅ የተጻፈ መሰለኝ። ጃፓኖቹ በዱላ ፈንታ ከትከሻ ወደ ወገብ የሚያጠልቁት ጨርቅ ይቀባበላሉ። እኛም ሽርጥ ያዝን፤ የባጃጅ ነጂው አባት፣ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ወርክሾፕ ያሳለፉት ሰው፣ የሰጡን ነው። ጥለቱ ደብዝዟል፤ ዳርና ዳሩ ተተልትሏል።

እኛ ሯጭን በነጠላ ስሙ እናወድሳለን። በ2011 ዓ.ም. ዴንማርክ አርሁስ ላይ ግን በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የድብልቅ ዱላ ቅብብሉን ወርቅ ያመጡት ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነበሩ። ሯጭ ሲነሳ የሚጠራው በቆጂ ነው፤ ድሬ ትዝ የምትለው ሰው የለም። እኔ ግን ቅብብል ከዚህች ከተማ በላይ የሚያምርበት ቦታ አላውቅም፤ አመጣጧ ራሱ ቅብብል ነውና። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣት አልቻለም፤ ተራራው አሻፈረኝ አለ። “አዲስ ሐረር” የተባለ ጣቢያ ሜዳው ላይ ተቆረቆረ። የሐረር ቡና በግመልና በበቅሎ ወርዶ ለባቡሩ ይሰጥ ነበር፤ ከባሕር የመጣው ሸቀጥ ደግሞ ከባቡሩ ወርዶ በከብት ጀርባ ይወጣ ነበር። ከተማዋ ያደገችው በዚያ መረካከቢያ ላይ ነው።

ቀፊራ ገበያ ስንደርስ ረፋዱ ሞቋል። በቅስቶቹ ሥር ማገዶ የጫኑ ግመሎች ቆመዋል፤ በኦሮምኛ የተጀመረ ዋጋ በሶማልኛ ይከራከሩበታል፣ በአማርኛ ይዘጋል። ሳምቡሳ የሚጠብሱት አዴ መንገዱን ስንለካ አይተው ጠየቁን። ነገርናቸው። “አቦ ልጆቼ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሱ” አሉና አራት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። ገንዘብ እንቢ አሉ። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ መዳፌን አቃጠለኝ።

ደቻቱ ላይ ንግግራችን ቆመ። መጋላንና ከዚራን የሚከፍለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እኛም ተጫውተንበታል። ክፋቱ ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ መሆኑ ነው። ከተማው ደረቅ ሆኖ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እኛም ያኔ አምስት ነበርን። የአምስተኛችን ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ነው፤ አንድ የግራር ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ይህን ክፍል ማን ይሩጠው ብለን አልተነጋገርንም። ከጀርመን የመጣው ጓደኛችን ብቻ “እሱ ይሩጠው” አለ፤ ሌላ የተናገረ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ከዚራ ነው። ፈጥነን አለፍነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው የዛፍ፣ ለሯጭ ከዚህ የተሻለ የለም። ቀይ አበባ የሚያወጡት ዛፎች ሥር ቁርስ የሚበሉ ሰዎች ፈጢራቸውን እየቆረሱ ሰላም አሉን። መጨረሻው ለገሃር፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። አባትየውን በሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ አገኘናቸው። ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደምንደርስ ነገርናቸው። ሰዓታቸውን አዩና “አንድ ሰዓት ተኩል” ብለው ደገሙት።

በማግስቱ ሽርጡ ደንገጎ ላይ በጨለማ ተነሳ፤ ታች የከተማው መብራት ገና አልጠፋም። ለእኔ ሲደርሰኝ በሰው ላብ ረጥቦ ከብዷል፤ ትከሻዬ ላይ ቀዘቀዘኝ። ደቻቱ አጠገብ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ። ሽርጡን አራት ማዕዘኑን ይዘን፣ ሳንሮጥ፣ በአሸዋው ላይ በእግር ተሻገርን። ከዚያ ባጃጅ ነጂው ይዞት በረረ።

ለገሃር ስንደርስ አባቱ ሽርጡን ተቀብለው ጨመቁት፤ ላቡ ከጫማቸው አጠገብ ጠብ ጠብ አለ።

“ሰባት ደቂቃ ዘግይታችኋል።”

“ደቻቱን በእግር ተሻግረን ነው፣ አባባ።”

ሽርጡን አጠፉት፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሰዓታቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑት።