ጃኬቴና የአክስቴ ወይራ

የዓባይን በረሃ ተሻግሬ ደጀንን ስወጣ ጃኬቴን ደረብኩ። ደብረ ማርቆስ እኮ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት! ሆኖም ትናንት የጤፍ ማሳ በነበረው የአክስቴ ሰፈር፣ በቆርቆሮና በኮብልስቶን መሐል፣ ቀትር ላይ ላብ አጠመቀኝ፤ አወለቅሁት። ግቢያቸው ካለችው ወይራ ሥር ስቀመጥ ግን መልሼ ፈለግሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዛፍ ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ አካባቢውን ያቀዘቅዛል። ድንጋይና አስፋልት ደግሞ ቀን ያመቁትን ሙቀት ማታ ይተፉታል።

አክስቴ ለኪራይ ቤት ሲሉ ወይራዋን ሊያስቆርጡ ነው። የግንባታውን ብር ይዤ የመጣሁትም እኔው ነኝ!

«ወይራዋ ትቅር እትዬ» አልኳቸው።

«አንድ ክፍል ይጎድላል፤ ማን ይከፍለኛል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ቀትር ላይ ጥላው ሥር አንዴ ተቀመጡ። ብሩ እስካሁን ኪሴ ነው።