ኔትወርክ ያልደረሰበት ክፍል

ኢንተርኔት ሲደክም በብዙዎቻችን ቤት የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ አንድ ዓይነት ነው፤ ራውተሩን ነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ መሰካት። ካልተሻለው «ፓኬጁን እናሳድገው» ይባላል። ያም ካልሠራ «ይሄ ዕቃ አርጅቷል፣ አዲስ እንግዛ» ይከተላል። እኔ 34 ዓመት በነርስነት ሳገለግል ያየሁት ግን ሳይመረመር የታዘዘ መድኃኒት ቢያድን በዕድል፣ ባያድን በኪሳራ መሆኑን ነው። ባለፈው ክረምት የቤታችንን ዋይፋይ እንደ ታማሚ ቆጥሬ የመረመርኩት በዚህ ልማዴ ነው።

ያነሳሳችኝ እናቴ ናት። 86 ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ትልቁ ቤት መግቢያው ላይ አራት ደረጃ ስላለው፣ ከግቢው ጀርባ ያለውን ክፍል አድሰን፣ መጸዳጃውን ከውስጥ አድርገን፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ተክለን ሰጠናት። ወለሉ ከመሬት እኩል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ለጉልበቷም ተስማማት። የጎደላት ዋይፋይ ብቻ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ በእነሱ ጠዋት፣ በእኛ 11 ሰዓት ገደማ ይደውላል። የሰባት ዓመት ልጁ ከአያቱ ጋር በአማርኛ የሚያወራው በዚያች ሰዓት ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ 11 ሰዓት የዝናብ ሰዓት ነው። እናቴ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው የልጄን ክንድ ይዛ፣ የራሰውን ድንጋይ እየረገጠች ወደ ሳሎን ትመጣለች። እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የገቡ አረጋውያንን አስታምሜያለሁ። አብዛኞቹ የወደቁት ሩቅ ቦታ አይደለም፤ ግቢያቸው ውስጥ ነው። አጥንቱ ቢጠገን እንኳ በእግራቸው እንደ ድሮው ያልሄዱ ብዙ ነበሩ።

ስልኩን ወደ እሷ ስንወስድላት ደግሞ ምስሉ ይደርቃል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ጆሮዋ ስለደከመ የምትሰማው ግማሹን በዓይኗ፣ ከንፈር እያየች ነው። የልጁ ፊት እንደ ፎቶ ቀጥ ሲል «ምን ሆነ? ተቀየመኝ እንዴ?» ትላለች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ «እናንተው ሰላም በሉልኝ» ማለት ጀመረች። አረጋዊ ሰው ከቤተሰብ ወሬ መራቅ የሚጀምረው እንዲህ ባለች ቃል ነው። ዛሬ «ሰላም በሉልኝ»፣ ነገ «አትቀስቅሱኝ» ይሆናል።

ልጄ ፓኬጁን እናሳድግ አለ። እኔ ግን አንድ አሮጌ ደብተር አወጣሁና እንደ ሙቀት መመዝገቢያ ቻርት አሰመርኩት። በአንድ በኩል ክፍሎቹን፣ በሌላው ሰዓቱን ጻፍኩ። የኢንተርኔት ፍጥነት በሚለካ የስልክ አፕ ለሦስት ቀን ጠዋት፣ 11 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ እየዞርኩ ለካሁ። ባለቤቴ «ዛሬስ ግፊቱ ስንት ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የምንከፍለው ለ20 ሜጋቢት ነው። ጠዋት ሳሎን ውስጥ 19 እና 20 አገኘሁ፤ መኝታ ቤት 9፤ ማድ ቤት 6። እናቴ ክፍል ግማሽ ሜጋቢት እንኳ አልሞላም፤ ሦስት ጊዜ ጭራሽ አልያዘም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ሳሎኑም ራሱ ወደ 7 ይወርዳል። ከዚያ በጣም አስፈላጊው ምርመራ ቀረ፤ የልጄን ላፕቶፕ ዋይፋዩን አጥፍተን በኬብል ከሳጥኑ ጋር አገናኘነው። ጠዋትም 20፣ ማታም 20። ስለዚህ ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው። ፓኬጁን ብናሳድግ ኖሮ ወር በወር የምንከፍለው ይጨምራል እንጂ የእናቴ ክፍል ምንም አያገኝም ነበር። ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሦስት ሜጋቢት ይበቃል፤ ችግሩ እሷ ጋ መድረሱ ነው።

ታዲያ ምን ያዘው? ሳጥኑ የተቀመጠው ፋይበሩ በሚገባበት በመንገድ በኩል ጥግ ላይ፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነበር። የዋይፋይ ሞገድ እንደ ፋኖስ ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ግን ያገኘው ነገር ሁሉ ይቀንሰዋል። እንጨትና ስስ ግድግዳ ጥቂት ይወስዱበታል። ብሎኬትና ኮንክሪት ብዙ ይወስዳሉ። ብረት፣ ቆርቆሮና መስታወት ወደ መጣበት ይመልሱታል፤ ውኃም ይውጠዋል። ከቡፌው እስከ እናቴ አልጋ ስቆጥር ሦስት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን፣ የውኃ ታንከርና የክፍሏ የብረት በር ተሰልፈዋል።

የማታው ድካም ሌላ በሽታ ነው። የእኛ ሳጥን ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚያሰራጨው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነበር። ይህ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ጠባብ መንገድ ነው። የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም ሳይቀር፣ እዚያው ላይ ይጋፋል። ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት መጨናነቁ ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ራውተሮች 5 ጊጋኸርዝም አላቸው፤ እሱ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ለቅርብ 5፣ ለሩቅ 2.4 ብላችሁ ያዙት።

ገንዘብ የማያስወጣውን ሕክምና አስቀደምን። ሳጥኑን ከቡፌው አውጥተን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አቆምነው። መኝታ ቤት ከ9 ወደ 14 ወጣ። ለብዙ ቤት ይኸው ሊበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። የእናቴ ክፍል ግን አንድ ሜጋቢት ላይ ቀረ።

መገናኛ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሻጩ «ማዘር፣ ይሄ ስድስት አንቴና አለው፤ ግቢዎትን በሙሉ ያጥለቀልቀዋል» አለኝ። «የኔ ልጅ፣ የብረት በርስ ያልፋል?» ስለው ሳቀና «እሱን እንኳ እንጃ» አለ። የአንቴና ብዛት ብረት አይበሳም። ቀጥሎ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሪፒተር አሳየኝ። ሪፒተር የሰማውን የሚደግም ነው፤ ደካማ ሲግናል ያለበት ቦታ ከተሰካ ድካሙን ይደግማል። ተቀብሎ የሚያስተላልፈውም በዚያው ሞገድ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለአንድ ቀጭን ግድግዳ ሊያገለግል ይችላል፤ ለእኛ ግቢ አይሆንም።

የኔትወርክ ሥራ የሚያውቅ የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ ደብተሬን ካየ በኋላ «እትዬ፣ እርስዎ ጨርሰውታል እኮ፤ የቀረው ኬብል ነው» አለኝ። ያደረግነው ይህ ነው። ፋይበሩ የሚገባበትን ሳጥን አላነሳነውም፤ ውስጡ የመስታወት ክር ስለሆነ ሲታጠፍ ይጎዳል፣ ሳጥኑም በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተመዘገበ ነው። የእሱን ዋይፋይ አጠፋንና ሁለቱም ሞገድ ያለው አዲስ ራውተር በኬብል አገናኝተን ኮሪደሩ ላይ፣ የቤቱ መሐል፣ ከፍ አድርገን ሰቀልን። ከዚያ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ 28 ሜትር የኔትወርክ ኬብል በግቢው ሥር ቀብረን እናቴ ክፍል አስገባን። እንዲህ ያለ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ያደርሳል። ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት የሚሉትን ትንሽ ዕቃ ተከልን። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከኮሪደሩ ጋር አንድ ስላደረግነው፣ ስልክ ይዞ ከትልቁ ቤት ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ምንም መንካት አያስፈልገውም።

ወጪው ከአንድ ወር ጡረታዬ በለጠ። ግን አንድ ጊዜ የወጣ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ደግሞ ለራውተር የሚሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ጨመርን። ይህን ስትገዙ የዕቃችሁን ቮልት ከጀርባው አንብባችሁ ሂዱ፤ 9 የሚፈልግና 12 የሚፈልግ አለ፣ ማደባለቅ ያቃጥላል። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የይለፍ ቃልም ወዲያው ቀይሩት፤ ቤታችሁ የገባ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

አንዲት ጎረቤቴ ቡና ላይ «ያን ጨረር እናትሽ ራስጌ ተከልሽው?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ አያቶች እንደሚፈሩ አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ራጅ ክፍል ስገባ የእርሳስ ሽርጥ እለብስ ነበር፤ የራጅ ጨረር የሰውነትን ሴል የሚጎዳ ጉልበት አለውና። የዋይፋይ ሞገድ ከሬዲዮ ሞገድ ወገን ነው፤ ያ ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህን ወገን ሞገዶች በሙሉ «ምናልባት ሊሆን ይችላል» በሚለው 2ቢ ምድብ አስገብቷቸዋል። መነሻው በዋናነት ከጆሮ ጋር ተለጥፎ የሚያዘው ሞባይል ላይ የተገኘ ውስን መረጃ ነው። የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም በዚያው ምድብ ነው። ሞገዱ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ሲርቁት በጣም ይቀንሳል። እኛም የሰቀልነው በሩ በላይ ነው እንጂ ራስጌ አይደለም። እናቴን ከእሱ ይልቅ የሚያሰጋት የራሰው ድንጋይ ነው አልኳት።

አሁን እናቴ ክፍል 18 ሜጋቢት አለ። ታብሌቱን ጠረጴዛዋ ላይ አቁመንላታል፤ ትልቅ ስለሆነ ከንፈር ለማየት ይመቻታል። ባለፈው እሑድ ልጁን እንቆቅልሽ ስትጠይቀው አላወቀውም። «በል አገር ስጠኝ» አለችው። «ሜሪላንድ!» አለ። «እሱን አላውቀውም፣ ሌላ አምጣ» አለችው። ዋሽንግተንን ጨምሮ ሲሰጣት ነው መልሱን የነገረችው። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሁለቱም አላዩኝም።

እናንተም ቤታችሁን ስትለኩ ከሳሎን አትጀምሩ፤ ሳሎን ሁልጊዜ ጥሩ ነው። መውጣት ከሚከብደው ሰው ክፍል ጀምሩ። ስልኩን አልጋው አጠገብ አድርጋችሁ፣ በሚደወልበት ሰዓት ለኩ፤ ቁጥሩንም ጻፉት። ምን መግዛት እንዳለባችሁ፣ ወይም ምንም መግዛት እንደማያስፈልጋችሁ የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።