አረፋውን እያየሁ

በመንገድ ሥራ ላቦራቶሪ ውስጥ የሬንጅ እፍግታን ያህል ችላ የሚባል ምርመራ የለም። የአስፋልት ናሙና የሚደበድበው የማርሻል መዶሻ ድምፅ አለው፤ የሬንጁን ጥንካሬ የሚፈትነው መርፌ ሲወርድ በዓይን ይታያል። እፍግታ ግን ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ፣ ሚዛን፣ ውሃና ትዕግሥት ብቻ ነው። የጎደለኝ ትዕግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። እኔ ዋሽቻለሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፒክኖሜትር የሚባለው ያ የብርጭቆ ዕቃ መጀመሪያ ባዶውን ይመዘናል። ቀጥሎ ፈልቶ በቀዘቀዘ የተጣራ ውሃ ተሞልቶ፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የውሃ ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ይመዘናል። ከደረቀ በኋላ ሬንጅ እስኪፈስ ድረስ ብቻ ሞቆ እስከ ሦስት አራተኛው ይጨመርበትና ሲቀዘቅዝ ይመዘናል። በመጨረሻ የቀረው ቦታ በውሃ ይሞላል፤ ገንዳው ውስጥ ቆይቶ እንደገና ይመዘናል። ከአራቱ ክብደቶች የሬንጁ አንጻራዊ እፍግታ ይሰላል። ለመንገድ የሚሆን ሬንጅ ብዙውን ጊዜ ከ1.01 እስከ 1.06 ባለው መካከል ይገኛል። የዚህ ምርመራ ጠላት አየር ነው። ሬንጁ ውስጥ የታፈነ አረፋ ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ሬንጁን ከእውነተኛው እፍግታው አሳንሶ ያሳያል።

አንድ ቀን ለአንድ መንገድ የሚሆን ሬንጅ ልመረምር ሁለት ፒክኖሜትር ሞላሁ። አንዱ 1.030 ሰጠኝ፤ ሌላው 1.000። በአንድ ሰው እጅ የተሠሩ ሁለት ልኬቶች ቢለያዩ በሺህኛ ቤት እንጂ በመቶኛ ቤት መለያየት የለባቸውም። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በሁለተኛው ዕቃ፣ በጥቁሩ ሬንጅና በብርጭቆው መካከል፣ ምስር የምታህል የምታብረቀርቅ ነጥብ ተለጥፋለች፤ ከሥሯ ደቃቅ አረፋዎች ተከታትለዋል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻን ዕቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩና፣ «ልጄ፣ ይቺ አየር ይዛለች፤ ድፋትና እንደገና ጀምር» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። አልደፋኋትም።

የቫኩም መሣሪያችን ተበላሽቶ ስለነበር የአየር ክፍተቱ የሚሰላበትን የአስፋልት ድብልቅ ከፍተኛ እፍግታ በቀጥታ አንለካውም፤ ከጠጠሩና ከሬንጁ እፍግታ ነበር የምናሰላው። ሬንጁ 5 በመቶ፣ የጠጠሩ እፍግታ 2.70፣ የተደበደበው ናሙና እፍግታ 2.365። በ1.030 ሳሰላው የአየር ክፍተቱ 5.3 በመቶ መጣ። የተፈቀደው ከ3 እስከ 5 ነው። በ1.000 ሳሰላው 4.96። አረፋዋ ሬንጁን አቅልላ ክፍተቱን አጠበበችልኝ። የአስፋልት ማምረቻው ቆሟል፤ ዳምጠውና አስፋልት የሚያነጥፈው ፊኒሸር ሥራ ፈትተዋል፤ ኢንጂነሩ ይደውላል። 1.030 ማለት ድብልቁን እንደገና መንደፍ፣ ናሙና መደብደብ፣ ለሁሉም ሰው መልስ መስጠት ነው። 1.000 ማለት ፊርማ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ 1.000 ጻፍኩ። ሁለተኛው ረድፍ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ያልለካሁትን 1.001 ሞላሁበት። ጋሼ ሲጠይቁኝ «ደግሜዋለሁ» አልኳቸው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በዚያ ሳልፍ የላይኛው ንጣፍ ጠጠር እየተነቀለ፣ ክረምት ሲገባም ውሃ እያቆረ አይቻለሁ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ከልክ በላይ የጫነ መኪና፣ በደንብ ያልተዳመጠ ንጣፍ፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃ። በእነዚህ ሁሉ ሥር ለረጅም ጊዜ ተሸሽጌያለሁ። ነገር ግን ክፍተት የበዛበት አስፋልት አየርና ውሃ ያስገባል፤ ሬንጁ ቶሎ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ጠጠሩን መያዝ ያቅተዋል። ይህን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ያቺ የሦስት አሥረኛ በመቶ ትርፍ ብቻዋን መንገድ አፈረሰች አልልም። ጥፋቴን ግን የመንገዱ ዕድሜ አይወስነውም። ንጣፉ እስከ ዛሬ ሳይነካ ቢቆይም ያ ረድፍ ሐሰት ነው፤ ንድፉን ያጸደቁትም፣ ያነጠፉትም፣ የከፈሉትም ሰዎች እውነት መስሏቸው ተማምነውበታል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ጋሼን መዋሸቴ ነው። ሞያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አረፋዋንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ለአዲሶቹ ልጆች «የዚህን ልጅ ቁጥር እመኑት» ብለው አደራ ሲሰጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እስካሁን አልነገርኳቸውም። ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት ይቅር ይበሉኝ፤ አልደገምኩትም ነበር።

በየሳይቱ ላቦራቶሪ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁለቱ ፒክኖሜትሮች ካልተስማሙላችሁ ሁለቱንም ቁጥር እንዳሉ ጻፏቸው፤ ዕቃውን አጥባችሁም ከባዶው ሚዛን ጀምሩ። ኢንጂነሩ ይጠብቅ።