የሐረር ነደባና የልጄ ቁም ሣጥን

ከሐረር ጀጎል ቅጥር ገብቶ ከጥንታውያኑ ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የወንበር አለመኖርን ነው። በ«ጊዲር ጋር»፣ ማለት በታላቁ ክፍል፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ፣ ከግድግዳው ጋር አንድ የሆኑ አምስት መደቦች ይገኛሉ፤ ስማቸው ነደባ ነው፤ አንደኛውም አሚር ነደባ ተብሎ ለቤቱ ጌታ የተለየ ነው። ዕቃውም በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩ መደርደሪያዎች ይቀመጣል። መጋጠሚያ የሌለው ነገር መጋጠሚያው አይላላምና አያት በተቀመጠበት ላይ የልጅ ልጅ ይቀመጣል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ከተማይቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ለይቶ አመስግኗል።

እኛ ግን የእንጨት ዕቃ ያስፈልገናል። ከዚህ ቀደም ያሠራሁት ቁም ሣጥን በእርጥብ እንጨት፣ በምስማርና በሙጫ ብቻ የተሠራ ነበርና በሁለት ክረምት መዝጊያው ተሰነጠቀ፤ መደርደሪያውም ከመካከሉ ጎበጠ። ዘንድሮ ለልጄ ሠርግ ሌላ ሳዝዝ፣ ከጀጎል ውጭ የሚሠራውን አናጢ ምክንያቱን ጠየቅሁት። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሰፊ ሳንቃ ተቸንክሮ ቢያዝ ራሱን ይሰነጥቃል አለኝ። እርሱ ሳንቃውን በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ሙጫ አስገብቶ ይተወዋል፤ የክፈፉን ማዕዘን ግን የአንዱን እንጨት ምላስ በሌላው ጉድጓድ አግብቶ በእንጨት ችንካር ያጠብቀዋል፤ ረጅሙንም መደርደሪያ ከመካከሉ በቋሚ ይደግፈዋል።

ዋጋው የፊተኛው እጥፍ ነውና ባለቤቴ አጉረመረመች። የከፋው ግን ዋንዛው ገና ስላልደረቀ ሣጥኑ ለሠርጉ አይደርስም ማለቱ ነው። በነገሩ ሁለት ቀን ተከራከርን፤ በመጨረሻ ልጂቱ «ልብሴ በሻንጣ ይቆይ» ብላ ፈረደች፤ እኔም ቀብዱን ከፈልሁ።