ልጁስ ጋ ማን ይሂድ?

የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ ሥራዬ መልእክት ማሳጠር ነው። ማስታወቂያው ከ30 ሰከንድ ካለፈ አድማጭ ይሰለቻል ብለን እንሠጋለን። ለዚህም ነው ከ7 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው የቢትልሶች «ሄይ ጁድ» የሚገርመኝ። በ1968 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙው የሬዲዮ ዘፈን 3 ደቂቃ ገደማ ነበር። እሱ ግን በአሜሪካ ለ9 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ዛሬም ይደመጣል።

ምስጢሩ ምን ይመስልዎታል? አንዱ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ረጅም ዝማሬ ነው፤ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው እንኳ አብሮ ያዜመዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን የተጻፈበት ምክንያት ነው። ጆን ሌነንና ባለቤቱ ሲንቲያ ሲለያዩ፣ ፖል ማካርትኒ እናትና ልጁን ሊጠይቅ በመኪና እየሄደ ሳለ ዜማውን ጀመረ። ሊያጽናና ያሰበው የ5 ዓመቱን ጁሊያንን ነበር።

እኛ ዘንድ ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ ወደ ባልና ሚስቱ ይላካል። ልጁስ? «ገና ሕፃን ነው፣ አይገባውም» ይባላል። የቅርብ ጓደኞቼ የተለያዩ ሰሞን የ6 ዓመት ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አንቺም መምጣት ትተያለሽ?»

አልተውኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ሥዕል እንሥላለን እንጂ ስለ ወላጆቿ አናወራም።

እርስዎም እስኪ ዙሪያዎን ይመልከቱ። ወላጆቹ የተለያዩበት የወንድም፣ የጓደኛ ወይም የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። ዘፈን ይድረሱለት ያለዎት የለም፤ ብቻ ብቅ ይበሉ፣ አጠገቡም ይቀመጡ።